ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ ከመኪና አደጋው በኋላ ያለው ሕይወት

ሻምበል አበበ ቢቂላ በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚታወሰው ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ማራቶን ነው፤ ቀጥሎ የቶኪዮው ድል ይነሣል። ከመጋቢት 1961 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 1966 ዓ.ም. መራመድ ሳይችል ያሳለፋቸው ከአራት ዓመት ተኩል በላይ የሆኑ ጊዜያት ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋሉ። የመኪና አደጋ ደረሰበት፣ መራመድ ተሳነው፣ ዐረፈ ይባልና ታሪኩ ይዘጋል። እንዲህ ያለው አተራረክ ከሕይወቱ አንዱን ትልቅ ምዕራፍ ቆርጦ ይጥላል። አበበ በእነዚያ ዓመታት በቀስት ኢላማ፣ በጠረጴዛ ቴኒስና በበረዶ ላይ ሸርተቴ ተወዳድሯል፤ በሸርተቴውም አሸንፏል። ከእነዚህ ስፖርቶች ጋር ያስተዋወቀው ደግሞ ሕክምናው ራሱ ነበር። አካል ጉዳተኛ ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ስለ ሕክምናና ስለ ድጋፍ መሣሪያ ሲጠይቁ፣ ጨዋታና ስፖርትም የተሐድሶው ክፍል መሆናቸውን ያውቁ ዘንድ ይህ የሕይወት ታሪክ ቀርቧል።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ ጃቶ በተባለ መንደር ነው። አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን ይካሄድ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ፣ አባቱ አቶ ቢቂላ ደምሴ ይባላሉ። ገና በልጅነቱ የጣሊያን ወረራ ስለደረሰ ቤተሰቡ ከመንደሩ ርቆ ለመሸሽ ተገድዶ ነበር። ካደገ በኋላ በገና ጨዋታ ይታወቅ ነበር፤ ገና ደግሞ ሜዳ ሙሉ መሮጥን የሚጠይቅ ጨዋታ ነው። በኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ። ችሎታውን አይተው ለማራቶን ያዘጋጁት ስዊድናዊው አሠልጣኝ ሜጀር ኦኒ ኒስካነን ናቸው።

ሮም ላይ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ምሽት ነበር። አበበ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው በቶኪዮ ደግሞ አሸነፈ፤ በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በሜክሲኮ ግን 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ በሕመም ምክንያት አቋረጠ፤ ወርቁን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደ።

ከሮም ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ። አበበ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ በዚያችው ከተማ ሌላ ውድድር ተከፍቶ ነበር። ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል አካል ጉዳተኞች የተሳተፉበት ይህ ውድድር ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ ይታወቃል። የሩጫው ጀግና በዚያን ጊዜ ወደ አገሩ ተመልሶ በደስታ ይታጀብ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ ግን የዚያ ውድድር አሳብ ወደ ፈለቀበት ሆስፒታል በአልጋ ተጭኖ ይገባል ብሎ የገመተ አልነበረም።

አደጋው የደረሰው መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ በስጦታ ያገኛትን ቮልስዋገን መኪና ሲያሽከረክር መኪናዋ ተገለበጠች፤ እርሱም ተጣብቆ እስከ ማለዳ ቆየ። አንገቱና ኅብለ ሰረሰሩ ክፉኛ ተጎድተው ስለነበር በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግሩን ብቻ ሳይሆን እጁንም ማንቀሳቀስ አልቻለም። ከሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 20 ቀን፣ ወደ እንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ። በዚያም ስምንት ወር ታከመ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሳይቀሩ መጥተው ጠይቀውታል። እጁ ቀስ በቀስ ኃይሉን ሲያገኝ እግሮቹ ግን እንደተሳናቸው ቀሩ።

ስቶክ ማንዴቪል እንዲሁ የታወቀ ሆስፒታል ብቻ አልነበረም። ከጀርመን የናዚ አገዛዝ ሸሽተው ወደ እንግሊዝ የገቡት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ሕክምና ክፍልን የመሠረቱት በዚያ ነው። ከእርሳቸው በፊት ወገባቸው የተመታ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ተኝተው ሞትን እንዲጠብቁ ይተዉ ነበር፤ የመኝታ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይገድሏቸው ነበር። ጉትማን ሕመምተኞቹ በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ፣ ቀጥሎም እንዲቀመጡ፣ ከዚያም እንዲጫወቱ አደረጉ። ኳስ መወርወርና ቀስት መሳብ ለትከሻና ለክንድ ጥንካሬ፣ ለወገብ ሚዛን፣ ደግሞም ለተስፋ የታዘዙ መድኃኒቶች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት በሆስፒታሉ ግቢ 16 ሰዎች ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው በቀስት ኢላማ ተወዳደሩ። ሮም ላይ የተከፈተው ውድድር የዚህ ልጅ ነው።

አበበ በዚህ ሥርዐት ውስጥ አለፈ። ማራቶን የእግርና የሳንባ ሥራ ነው፤ ቀስት ግን የክንድና የዐይን ነው። በዓለም አንደኛ የነበረ ሰው ከሥር ጀምሮ ጀማሪ መሆንን መቀበል ነበረበት። ይህ ከድሉ ሁሉ ይልቅ የሚከብድ ይመስለናል። እርሱ ግን ድሉንም አደጋውንም የእግዚአብሔር ፈቃድ አድርጎ እንደሚቀበል፣ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መግፋት እንደማይችል ይናገር ነበር። በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል ውድድር በቀስት ኢላማና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። አላሸነፈም፤ ግን ከነተሽከርካሪ ወንበሩ በሕዝብ ፊት ቀርቦ ተወዳደረ።

በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ ሄደ። በአካል ጉዳተኞች የስፖርት በዓል ላይ የተጋበዘው በእንግድነት ቢሆንም ተቀምጦ ማየትን አልመረጠም። በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ከተሰለፈ በኋላ ውሾች በሚስቡት የበረዶ ላይ ሸርተቴ በ25 ኪሎ ሜትር ውድድር ገባ። አሥራ ስድስት ተፎካካሪዎችን ቀድሞ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ደረሰ። በረዶን ከተራራ ጫፍ በቀር በማያይ አገር ያደገ ሰው፣ እግሮቹ ሳይታዘዙለት፣ የእንስሳትን እግር ተውሶ እንደገና አንደኛ ወጣ። ሸርተቴው ሲወዛወዝ ወገብን ቀጥ አድርጎ መቀመጥ፣ መታጠፊያው ላይ ሰውነትን ወደሚገባው ጎን ማዘንበል፣ ውሾቹን መምራት ሁሉ የክንድና የሰውነት ሚዛን ሥራ ነው።

እንስሳን የአካል ጉዳት ተሐድሶ አጋር የማድረግ አሳብ በአውሮፓ በሰፊው የታወቀው ግን በውሻ ሳይሆን በፈረስ ነው፤ እዚህም ላይ የአንዲት ሴት ታሪክ ከአበበ ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። የዴንማርክ ፈረሰኛ ሊስ ሃርተል እ.ኤ.አ. በ1944፣ በ23 ዓመቷ፣ ነፍሰ ጡር ሳለች የልጅነት ልምሻ የሚባለው የፖሊዮ በሽታ ያዛት። ልጇን በሰላም ብትወልድም ከጉልበቷ በታች ያለው አካሏ እንደማይታዘዝ ሆኖ ቀረ። እርሷ ግን ወደ ፈረሷ ተመለሰች። ሰው አንሥቶ ኮርቻ ላይ ያስቀምጣታል፤ ሰው ደግፎ ያወርዳታል። በዚህ ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ፣ ሴቶች በፈረስ ግልቢያ ከወንዶች ጋር እንዲወዳደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በተፈቀደበት ዓመት፣ የብር ሜዳልያ አገኘች፤ ከአራት ዓመት በኋላም ደገመችው። ከዚህ በኋላ በኖርዌይና በእንግሊዝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች አካል ጉዳተኛ ሕፃናትን በፈረስ ማሠልጠን ጀመሩ። በእንግሊዝ የአካል ጉዳተኞች የፈረስ ግልቢያ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1969፣ አበበ በስቶክ ማንዴቪል በተኛበት ዓመት ነው።

ፈረስ ለምን ተመረጠ ቢባል ምክንያቱ አካሄዱ ነው። ፈረስ በዝግታ ሲራመድ ጀርባው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ ይህም የሰው ዳሌ በእግር ጉዞ ጊዜ ከሚያደርገው እንቅስቃሴ ጋር እጅግ ይቀራረባል። ስለዚህ ራሱን ችሎ ተራምዶ የማያውቅ ልጅ ፈረሱ ላይ ሲቀመጥ ወገቡና ዳሌው የመራመድን ምት ይለማመዳሉ፤ ላለመውደቅ ሲልም የሆዱና የጀርባው ጡንቻዎች ሳይታዘዙ ይሠራሉ። በሴሬብራል ፓልሲ ምክንያት እግራቸው የሚገታተር ልጆች ጭናቸው በፈረሱ ሙቀትና እንቅስቃሴ ሊላላላቸው ይችላል። ጥናቶች በተለይ በተቀማጭ ሚዛንና በሰውነት አቋም ላይ መሻሻል አሳይተዋል። ጉዳቱን የሚያድን ፈውስ ግን አይደለም፤ መደበኛውን ፊዚዮቴራፒም አይተካም።

ይህን ስንጽፍ በደቡብ ጎንደር በኩል ያሉ አንባቢዎች በአሳባችን አሉ። በጉና ተራራ ዙሪያና በጋይንት ደጋ ፈረስ ለብዙ ቤተሰብ የዕለት ተዕለት አጋር ነው፤ እህል ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ሕመምተኛ ያደርሳል። የድጓ ምስክር በሆነችው በቤተ ልሔም፣ በስማዳ ወይም በእስቴ የሚኖር ወላጅ ስለ ፈረስ ግልቢያ ሕክምና ቢሰማ፣ ፈረሱ በደጃችን ታስሮ ሳለ ለምን ልጃችንን አናስቀምጠውም ማለቱ የሚጠበቅ ነው። አሳቡ መልካም ቢሆንም ጥንቃቄ ይሻል። ለሕክምና የሚሆን ፈረስ የማይደነግጥ፣ በዝግታ መራመድ የሠለጠነ ነው። ልጁ በራስ ቆብ ይጠበቃል፤ አንድ ሰው ፈረሱን ከፊት ይመራል፤ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ልጁን ደግፈው ይሄዳሉ፤ የእንቅስቃሴውን መጠን የሚወስነው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። አንድ ጊዜ የሚቆየውም ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ገበያ ውሎ የመጣ የጭነት ፈረስ ይህን አይተካም።

ደግሞም ፈረስ ላይ ሊወጡ የማይገባቸው ልጆች አሉ። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ የላይኛው የአንገት አጥንታቸው መገጣጠሚያ ልል ስለሚሆን ሐኪም ሳያያቸው በፈረስ መወዝወዝ ኅብለ ሰረሰርን ሊጎዳ ይችላል። የሚጥል በሽታው በመድኃኒት ያልተገታ ልጅ፣ የዳሌ አጥንቱ ከቦታው የወጣ ልጅ፣ እንዲሁም እንደ አበበ ከወገብ በታች ስሜት የሌለው ሰው፣ ኮርቻው ሲልጠው ሳይሰማው ቁስል የሚያወጣ በመሆኑ፣ አስቀድመው መመርመር አለባቸው። እስከዚያው ድረስ በቤት ውስጥ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። ልጅን በጥሩ ድጋፍ ማስቀመጥ፣ ቀኑን ሙሉ በአንድ ጎን አለማስተኛት፣ ከእኩዮቹ ጋር ደጅ ማውጣት፣ ኳስ ማቀበል ሁሉ ወጪ የማይጠይቁ ናቸው።

ደጅ ማውጣት ያልነው በከንቱ አይደለም። በአገራችን አካል ጉዳተኛ ልጅን ከሰው ዐይን ሰውሮ ማሳደግ ፈጽሞ ያልጠፋ ልማድ ነው። በሌላ በኩል የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ለዐይነ ስውራን ከጥንት ጀምሮ በሩን ከፍቶ ቆይቷል፤ ዜማ በጆሮና በቃል የሚጠና በመሆኑ ብዙ ዐይነ ስውራን ከተማሪነት እስከ መምህርነት ደርሰዋል። እግሩ ለተጎዳ ልጅ ግን በዳገትና በቁልቁለት መካከል እንዲህ ያለ በር በቀላሉ አልተገኘም። አበበ ከነተሽከርካሪ ወንበሩ በአደባባይ መታየቱ ትልቅ ትርጉም የነበረው ለዚህ ነው፤ የአገሪቱ ዝነኛ ሰው አልተሸሸገም።

በነሐሴ 1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ተገኝቶ በስታዲየሙ ያለው ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበለት። ይህ የመጨረሻው ታላቅ አደባባይ ሆነ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በ41 ዓመቱ፣ ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ ዐረፈ። ባለቤቱን ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስንና አራት ልጆቹን ትቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ብሔራዊ የሐዘን ቀን ዐወጁ፤ በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በተፈጸመው ሥርዐተ ቀብር 65,000 ያህል ሕዝብ ተገኘ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ አበበ ሁለተኛውን ወርቅ ባገኘበት በቶኪዮ፣ የማየት ችግር ያለባት ሯጭ ትዕግሥት ገዛኸኝ በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች።

ዛሬ ስፖርትና ጨዋታ በሕግ የታወቁ መብቶች ናቸው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 26 ስለ ተሐድሶ አገልግሎት ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 30 ደግሞ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት በትምህርት ቤት የሚደረገውን ጨምሮ በጨዋታ፣ በመዝናኛና በስፖርት ከሌሎች ልጆች ጋር እኩል እንዲሳተፉ ያዝዛል። አንድ ትምህርት ቤት አካል ጉዳተኛ ተማሪን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ከክፍል እንዳይወጣ ቢያደርግ ወላጅ ይህን አንቀጽ ጠቅሶ መጠየቅ ይችላል።

የአካል ተሐድሶ አገልግሎት ለሚፈልጉ በአማራ ክልል በባሕር ዳርና በደሴ የአካል ተሐድሶ ማዕከላት አሉ፤ ሰው ሠራሽ እግርና እጅ፣ የእግር ድጋፍ፣ ክራንችና ተሽከርካሪ ወንበር ከፊዚዮቴራፒ ጋር የሚሰጥባቸው ናቸው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ሲሆን በሆስፒታሉ ሕክምናው ይሰጣል። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለሚነሣ ቤተሰብ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ከመጓዙ በፊት በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ልጁን አስመርምሮ የሪፈር ወረቀት ቢይዝ፣ እንዲሁም የወረዳውን የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ስለ ድጋፍ ቢጠይቅ ድካምና ወጪ ያተርፋል። በምርመራው ወቅት ልጁ ምን ዓይነት ጨዋታና እንቅስቃሴ ሊያደርግ እንደሚችል፣ ፈረስ መቀመጥም ሆነ ኳስ መወርወር ይፈቀድለት እንደሆነ፣ ባለሙያውን በግልጽ መጠየቅ ይገባል፤ መልሱንም በጽሑፍ ይዞ ለመምህሩ ማሳየት ይቻላል።